ባሕሩ ያገገመባቸው አራት ዓመታት

ሙንተሃ አብደላ ድንጋይ ማንበብ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ማለዳ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ካለው የኖራ ድንጋይ ካባ ትደርሳለች። በዕለቱ ሊፈነዳ ተራ የያዘውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በእጇ ትዳብሳለች፤ ከዚያ በየመዳፉ ስፋት አንድ ቀዳዳ ትበሳና ዱቄቱን በጠርሙስ ትቀበላለች። ጠርሙሶቹ የዱቄቱን ንጥረ ነገር የሚለካው ሚዛን ውስጥ ይገባሉ። ሚዛኑ አርባ ደቂቃ ያጉረመርምና፣ ድንጋዩ ገና ጭቃ ሳለ፣ ባሕር ከላዩ ተኝቶበት ሳለ፣ ውሃው ምን ያህል ይሞቅ፣ ምን ያህልስ ይተነፍስ እንደነበር በቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ ወደ ትንበያ ክፍል ይላካል፤ ለሙንተሃ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይወጣላታል። አብዛኛውን ጊዜ "ይለፍ" ይላል። ያን ጊዜ ድማሚቱ ይቀበራል፣ ግድግዳው ይወርዳል፣ ድንጋዩ እቶን ገብቶ ሲሚንቶ ይሆናል። አንባቢዋ ከተጠራጠረች ደግሞ በራሷ ፊርማ ግድግዳውን ሰባት ቀን ልታቆየው ትችላለች። ሙንተሃ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን አንድ ጊዜም አድርጋ አታውቅም።

ከተማው የሚኖረው በትንበያው ነው። ረፋድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጡሩምባው ሲነፋ ሰዉ ከፀሐይ ይሸሻል፤ ከድሮ ካባዎች ሆድ ውስጥ ተፈልፍለው ወደተሠሩት የቀን ቤቶች ይገባል። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይወጣል። የቀን ቤት ያልደረሰው ወረፋ ይጠብቃል። የትኛው ቀበሌ ውሃ እንደሚያገኝ፣ የትኛው ማሳ እንደሚዘራ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ማን እንደሚመለስ የሚወስነው ትንበያው ነው። ትንበያው ደግሞ የተማረው ከድንጋይ ነው። ድሮ የሆነውን ካላወቀ መጪውን አያውቅም፤ ስለዚህ ያልተነበበ ድንጋይ እቶን አይገባም።

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ፣ አራተኛው ግድግዳ ተበስቶ ወረቀቱ ከወጣ በኋላ፣ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ፣ የሙንተሃ ጣት ሽንትርትር ያለ ነገር ነካ። ጎንበስ ብላ በመብራት አየችው። ድንጋዩ ከፀጉር የቀጠነ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ ተደራርቧል።

"አለቀ ወይ?" አላት ዱባለ ከበስተኋላዋ። ዱባለ የካባው ድማሚት አፈንጂ ነው። ስድሳውን አልፏል፤ ከሙንተሃ ጋር የተዋወቁት የሁለቱም ፀጉር ጥቁር ሳለ ነው።

"ቆይ እስቲ። ይሄን አይተኸዋል? ገጽ ገጽ ሆኖ ተደርቧል።"

"አቦ ሙንተሃ! ሚዛንሽ ምን አለ?"

"ይለፍ ብሏል።"

"ታዲያ?"

ታዲያ ምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም። የምታውቀው ይህን ነበር፦ ከባሕር በታች ያለ ጭቃ እንዲህ ገጽ በገጽ የሚቀመጠው የሚያገላብጠው ትል ከሞተ ብቻ ነው። ትሉ የሚሞተው ደግሞ ከታች ትንፋሽ ሲጠፋ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ዓመት ነው። እሷ ግን በየመዳፉ ስትበሳ ከሺህ የሚበልጥ ዓመት አንድ ላይ ፈጭታ አንድ ቁጥር ነው የምትልከው። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ ስትልክ ኖራለች።

ጡሩምባው ሲነፋ ጡብ የሚያህል ድንጋይ ፈልቅቃ በሻሿ ጠቀለለች።

የንባብ ክፍሏ ከሠራተኞቹ የቀን ቤት ጋር በአንድ መተላለፊያ ላይ ነው። ሰዎቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ሲያንኮራፉ ይሰማታል። ቀጭኑን የጨረር መላጫዋን አውጥታ ከታች ወደ ላይ አንድ አንድ ገጽ መላጥ ጀመረች። የምትፈልገው አዮዲን ነበር። የሚተነፍስ ባሕር አዮዲኑን ለድንጋዩ ያካፍላል፤ ትንፋሽ ያጣ ባሕር ይነፍገዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ገጽ፤ ባዶ። ዘጠኝ ገጽ ባዶ። አሥረኛው ላይ አዮዲኑ ተመለሰ። አሥራ አንደኛው ላይ ጨመረ። አራት ገጽ ሙሉ ባሕሩ ደህና ነበር። ከዚያ እንደገና ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ባሕሩ አራት ዓመት ብቻ አገግሞ መልሶ ሞቷል ማለት ነው።

ልጇ ሩቂያ የደወለችው ይሄኔ ነው። ሩቂያ የምትኖረው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ በተሠራው የጀልባ መንደር ነው። ባሕረ ሰላጤው ሲሞት መንደሩ ተፈናቅሎ አሥራ ሁለት ዓመት ድሬዳዋ ከርሟል፤ ዓሣው ተመለሰ፣ ትንበያውም አረንጓዴ ሆነ ሲባል ከተመለሱት ውስጥ ሩቂያ የመጀመሪያዋ ነበረች።

"ኡሚ፣ ዛሬ ያወጣነውን ብታይ! ጀልባው ሊሰጥም ነበር እኮ!"

"ከተመለሳችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ?"

"ምነው? ሦስት አልፎ አራተኛውን ይዘናል። ምነው ድምፅሽ?"

"ሙቀቱ ነው" አለች ሙንተሃ።

በማግስቱ ቁጥሮቹን አያይዛ ለትንበያ ክፍሉ ላከች። አማኑ የሚባል ወጣት ገምጋሚ በማያው ላይ ቀረበ። ትሑት ልጅ ነው።

"ወይዘሮ ሙንተሃ፣ ያዩትን አልጠራጠርም። ትንበያው ግን ከመዳፍ በታች አይቀበልም። ደንቡ ነው።"

"ደንቡን የሠራው ሰው ነው። አራት ዓመት ከመዳፍ ውስጥ እንዴት ይታያል? ተፈጭቶ ይጠፋል እኮ።"

"ገባኝ። ቢሆንም የአንድ ቦታ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቦታ ላይ ካገኙት ይላኩልን። የአሰሳ ፈቃድ ከጠየቁ በስልሳ ቀን ይሰጥዎታል።"

ሙንተሃ አመስግናው ማያውን ዘጋች። ከዚያ ወደ አራተኛው ግድግዳ ሄዳ "ይቆይ" የሚል ወረቀት ፈርማ ለጠፈች።

ከሰዓት በፊት እቶኑ ቀዘቀዘ። ሌሎቹ ግድግዳዎች ገና አልተዘጋጁም ነበር። ሠራተኞቹ ሰላምታዋን እየተቀበሉ ዓይኗን ሸሹ። አዲሱ የቀን ቤት ጣሪያው ላይ ደርሶ ሲሚንቶ እየጠበቀ ነው፤ ሦስት መቶ ቤተሰብ ወረፋ ላይ አለ። ዱባለ ሳያንኳኳ ገባባት።

"የልጄ ልጆች ቀኑን የት እንደሚያሳልፉ ታውቂያለሽ? ከመንገዱ ሥር፣ ቱቦ ውስጥ! በአራት እግራቸው እየዳሁ ነው የሚገቡት። ጣሪያው በዚህ ሳምንት ያልቃል ብያቸው ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ሆነሻል? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ አልሰማሽም? ይለፍ ካለሽ አሳልፊዋ!"

ሙንተሃ ድንጋዩን መብራቱ ሥር አስቀምጣ በመርፌ ጫፍ አራቱን ደህና ገጾች አሳየችው። ከታች ያሉትን ባዶዎች፣ ከላይ ያሉትን ባዶዎች አሳየችው። ዱባለ ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ድንጋዩን አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"ይሄንን ድንጋይ አውቀዋለሁ" አለ ድምፁን ቀንሶ። "ስታፈነጂው አይፈረካከስም። ይከፈታል። ከካባው ወዲያ፣ ደረቁ ሸለቆ ውስጥ ሞልቷል። ጉርምስናዬ ላይ ለአጥር እናመጣው ነበር።"

"ስንት ሰዓት ያስኬዳል?"

"በመኪና አንድ ሰዓት። መመለሻው ነው ችግሩ።"

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ወጡ። ሸለቆው ዱባለ እንዳለው ነበር፤ ሽንትርትሩ ድንጋይ በሁለቱም ዳር እንደተደረደረ ጣውላ ወጥቷል። ሙንተሃ ያንኑ የመሰለ ድርብ እስክታገኝ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ፈልቅቃ ስትጨርስ የጡሩምባው ድምፅ ከሩቅ መጣ። መኪናው እሳት ሆኗል። ከአንድ የተንጠለጠለ አለት ሥር ገብተው ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው ተቀመጡ። ከፊታቸው አየሩ እንደ ውሃ ይርገበገባል። አንድ ጀሪካን ውሃ ነበራቸው፤ በክዳኑ እየለኩ ጠጡ።

እንቅልፍ አልመጣላቸውም። ሙንተሃ ድንጋዩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትነካካዋለች፤ ታስቀምጠዋለች፤ መልሳ ታነሳዋለች።

"ተይው እስቲ፤ አይሮጥም" አላት ዱባለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ "እውነት ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ?" ሲል ጠየቃት።

"ልጄን አመጣታለሁ።"

"የሌላውስ ልጅ?"

ሙንተሃ ቁጥሩን ካየች ጀምሮ ሁለት ቀን ሙሉ ያሰበችው ስለ ሩቂያ ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቃት። አፈረች። ዱባለም አልደገመላትም፤ ክዳኑን ሞልቶ ሰጣት።

የሸለቆው ድንጋይ ውጤት ዓርብ ደረሰ። ስድስት ገጽ ባዶ፤ አምስት ገጽ ደህና፤ ከዚያ ባዶ። ሙንተሃ ሁለቱንም አያይዛ ላከች። መልሱ በደቂቃ ውስጥ መጣ፦ "ተቀብለናል። በአርባ ቀን ውስጥ ይገመገማል።"

ለሩቂያ ደወለች። ሩቂያ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ተቆጣች።

"ኡሚ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ድሬ ቁጭ ብዬ የሰው እጅ አይቻለሁ። አሁን ጀልባ አለኝ። ትንበያው አረንጓዴ ነው፤ ባሕሩም ደህና ነው። በድንጋይ ነው ተነሺ የምትይኝ?"

"ልጄ፣ ስሚኝ..."

"እየሰማሁሽ ነው። አልመጣም።"

ሙንተሃ ወደ ዱባለ ሄደች። "ግድግዳው እስከ ማክሰኞ ታግዷል" አለችው። "እኔ የለሁም። ባቡር ልሳፈር ነው።"

"ማክሰኞ ከመጣሽ ደህና። ካልመጣሽ የድማሚቱ ሽቦ እርጥብ ነው እላለሁ" አላት።

"በዚህ ሙቀት እርጥብ?"

"እነሱ ሽቦ ነክተው አያውቁም።"

የጀልባ መንደሩ ስልሳ ሦስት ጀልባ ነው፤ በገመድና በድልድይ ተያይዞ ባሕሩ ላይ ይወዛወዛል። ሙንተሃ ቅዳሜ ጠዋት ስትደርስ ያየችው ባሕር ያማረ ነበር። ወፎቹ ውሃውን እየቧጨሩ ይጮኻሉ። ሩቂያ አቀፈቻት፤ ግን ሰውነቷ አልላላም።

የመንደሩ አለቃ አቦካር የሚባል አፋር ሽማግሌ ነው። በስደቱ ዘመን ድሬዳዋ ስለኖረ አማርኛው ልቅም ያለ ነው። ሰው ሁሉ የእሱ ጀልባ ላይ ተሰበሰበ። ሙንተሃ ሁለቱን ድንጋይ አስቀምጣ ያነበበችውን ነገረቻቸው። ስትጨርስ አቦካር ድንጋዩን በእግሩ ጣት ገፋ አደረገው።

"ትንበያውን የምትመግቡት እናንተ ድንጋይ አንባቢዎቹ አይደላችሁም?"

"ነን።"

"ታዲያ ራስሽ የመገብሽውን አታምኚም?"

"በመዳፍ ነው የመገብኩት" አለች ሙንተሃ። "ያገኘሁትን እየዘገንኩ። አራት ዓመት መዳፍ ውስጥ አይታይም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳላየው አልፌዋለሁ። የማላምነው እሱን ነው።"

የተወሰኑ ሴቶች ተያዩ። አቦካር ግን ራሱን ነቀነቀ። "እንግዳችን ነሽ፤ ብዪ፣ ጠጪ። ባሕሩን ለእኛ ተዪልን።"

በማግስቱ ንጋት ላይ ሙንተሃ በጩኸት ነቃች። ደስታ ነበር። ዓሣው ውሃው ላይ ወጥቷል፤ ጀርባው ከጀርባ እየተጋፋ፣ አፉን ወደ አየር ከፍቶ ይላወሳል። ሴቶች በቅርጫት ይዘግናሉ። ወንዶች መረብ ሳይጥሉ በእጃቸው ይለቅማሉ። ከአንዱ ጀልባ ዘፈን ተነሳ። ሙንተሃ የጀልባውን ጠርዝ ጨበጠች። ብትናገርም ማን ይሰማታል?

ሩቂያ መረቧን እየጎተተች ነበር። የላይኛው ክፍል በዓሣ ተጨናንቆ ወጣ። የታችኛው ባዶውን እየተንጠባጠበ ተከተለ። ሩቂያ እጇ ገመዱ ላይ ቆመ። ባዶውን መረብ አየች፤ አፋቸውን ከፍተው የሚላወሱትን ዓሦች አየች።

"ኡሚ" አለች። "አምና ገመዱን ሠላሳ ክንድ ነበር የምንለቀው።"

"አሁንስ?"

"በክረምቱ ሃያ። አሁን አምስት ክንድ ላይ ይሞላል።" ድምፏ ቀጠነ። "ድካም ቀነሰልን ብለን እንስቅ ነበር። ዓሣው ራሱ ወደ እኛ መጣ እንል ነበር።"

ዘወር ብላ በጎረቤት ጀልባ ላይ ያለችውን ሴት ተጣራች፤ የእሷን ጥልቀት ጠየቀቻት። አራት ክንድ። ከወዲያኛው ጀልባም ጠየቀች። አምስት። ዘፈኑ ቀስ በቀስ ከጀልባ ወደ ጀልባ እየጠፋ ሄደ። ማንም ድንጋዩን አላነሳም፤ ሁሉም የየራሱን ገመድ ነበር የሚለካው። ሩቂያ መረቡን ቆርጣ ባሕሩ ውስጥ ለቀቀችውና ጓዟን ማሰር ጀመረች።

እስከ ማክሰኞ ማታ አርባ አራት ጀልባ ባዶውን ቀረ፤ ባለቤቶቹ ዕቃቸውን ተሸክመው ከባሕሩ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ወጡ። አሥራ ዘጠኙ አልተነሡም። ሙንተሃ ወደ አቦካር ጀልባ ሄዳ እጁን ይዛ ለመነችው። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ አልተቆጣትም።

"ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም" አላት። "ሌሊት ገመዴን ለክቻለሁ። ግን አሥራ ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቄያለሁ፤ ሌላ አሥራ ሁለት የለኝም። ልጆቹን ውሰጂ።" ሁለት የልጅ ልጆቹን አስረከባት።

ረቡዕ ዱባለ ደወለ። ስለ ሽቦው ያለውን አንድ ቀን አምነውት ነበር። በሁለተኛው ቀን ሌላ አፈንጂ አምጥተው አራተኛውን ግድግዳ አፈነዱት፤ እሱንም አሰናበቱት። "እንደ መጽሐፍ ነው የተከፈተው" አላት። "ዳር ቆሜ አየሁት። ጣሪያው ይከደናል። ልጆቹ ይገባሉ።" ደስ ያለው ይሁን የከፋው ከድምፁ አልለየችም። እሱም የለየ አይመስልም።

ነፋሱ የዞረው ሙንተሃ በደረሰች በዘጠነኛው ቀን፣ ንጋት ላይ ነው። የላይኛውን ውሃ ከዳር ወደ መሐል ገፋው፤ የታችኛውም ወደ ላይ ወጣ። ባሕሩ ወተት እንደተደፋበት ነጣ፤ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ነፋሱ ለአፍታ ሲያርፍ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ኮረብታው ድረስ መጣ፤ ሰዉ አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ አፍኖ ወደ ላይ ሮጠ። ከአሥራ ዘጠኙ ጀልባዎች ሰባቱ ቀዝፈው ወጡ። የአቦካር አልወጣም። ዕለቱን ስድስት ሰዓት ላይ ትንበያው ቀይ ሆነ። ውጤቱን በላከች በአርባኛው ቀን ደግሞ ለሙንተሃ መልእክት ደረሳት፦ ያቀረበችው ንባብ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ከእንግዲህ ንባብ በገጽ ይሆናል።

ያ ግን ገና አልመጣም። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ነፋሱ ሽታውን ወደ ባሕር ሲመልሰው፣ እናትና ልጅ ኮረብታው ጫፍ ላይ ወጥተው ቁልቁል አዩ። የጀልባ መንደሩ በቦታው ይወዛወዛል። ውሃው ላይ ያለው ሁሉ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሯል፤ ነጭ ነው፤ ዳርቻ የለውም። ወፍ የለም። የአቦካር የልጅ ልጆች ከኋላቸው ብርድ ልብስ ላይ ተኝተዋል።



"ከአራቱ በኋላ" አለች ሩቂያ፣ ፊቷን ከባሕሩ ሳታነሳ፣ "ስንት ገጽ ነበር? እስኪመለስ።"

ሙንተሃ ልትዋሽ አሰበች። አንድ ቁጥር፣ የሰው ዕድሜ የሚችለው ቁጥር፣ ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው።

"ሰባት መቶ አርባ ሁለት ቆጠርኩ" አለች። "ከዚያ አለቀብኝ።"

ሩቂያ ዞራ አየቻት። "ባዶው ነው ያለቀው?"

"አይ" አለች ሙንተሃ። "ድንጋዩ ነው።"